ማለክለክ ምንድን ነው?

ሰው የቸርችልን ዳገት ወጥቶ ትንፋሽ ሲያጥረው «እንደ ውሻ አለከለከ» እንላለን። ውሻው ግን ደክሞት ብቻ አይደለም። በአፉ እያላበው ነው።

እኛ ሲሞቀን መላ ሰውነታችንን ያልበናል። ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ውሻን የሚያልበው መዳፉ ሥር ነው፤ እሱም ጠብ የሚል ነገር የለውም። ስለዚህ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን ጎልጉሎ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በሰላሙ ጊዜ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 የነበረው ትንፋሽ ከ200 በላይ ይደርሳል። የሚያበርደው ከምላሱና ከአፉ የሚተነው እርጥበት ነው። ውሃ ካልጠጣ የሚተን ነገር የለም። አየሩ ራሱ የታፈነ ከሆነ ደግሞ ልፋት ብቻ።

«አዲስ አበባ ደግሞ ምን ሙቀት አላት? አፋር መሰለህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለነው፣ ጥላ ስትገባ ይበርድሃል። ውሻው ጥላ አለው ወይ ነው ጥያቄው። አራት ኪሎ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ቦቢ የሚባል ውሻ አለ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር አይሞላም። መጋቢት ላይ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ቆርቆሮውን ነካ ባደርገው አቃጠለኝ። ቦቢ ውስጥ የለም። ግንቡ ሥር፣ ስንዝር በምታህል ጥላ ተለጥፎ ያለከልካል። የውሃ ጣሳው ተገልብጦ ሰንሰለቱ ከማይደርስበት ተንከባሏል። አከራዬ «ውሻ እኮ ይችለዋል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ቢሆንም ጆንያ ፈልገው ሰጡኝ፤ አርሼ ጣሪያው ላይ ጣል አደረግኩት። ጣሳውን በከባድ ድስት ቀየርነው።

መኪና ውስጥ ይብሳል። ውጪው 24 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34 አካባቢ ይገባል። አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው።

ማለክለክ በራሱ በሽታ አይደለም። የሚያስፈራው ጥላ ገብቶም ካላቆመ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደ ነው። የውሻ ሙቀት በደህናው ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ 41 ሲያልፍ የውስጥ አካሉ ይጎዳል። ያኔ ሰውነቱ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ግን አይሆንም፤ ፎጣው ራሱ ይሞቅና ብርድ ልብስ ይሆንበታል።

እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት አፍንጫ ደፍጣጦች የአየር መንገዳቸው ጠባብ ስለሆነ ማለክለኩም በወጉ አይሆንላቸውም። እነሱን በቀትር ፒያሳ ከማዞር ፀሐይ በረድ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ ማውጣት ይሻላል።