ሞባይል ባንኪንግን "መቀበል" ማለት ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ ዘመናዊ ስልክ አላት። ፌስቡክ ታያለች፣ አዲስ አበባ ካሉት የልጅ ልጆቿ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። ብር ለመላክ ግን ባንክ ሄዳ ትሰለፋለች። የማውቀው የቢቸና ጤፍ ነጋዴ ደግሞ ፊደል በቅጡ ሳይቆጥር ክፍያውን በስልክ ይቀበላል። ለምን?

አጥኚዎች ጉዳዩን "የቴክኖሎጂ ተቀባይነት" ይሉታል። ፍሬድ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ነገር ለየ፦ "ይጠቅመኛል" ብሎ ማሰብና "አይከብደኝም" ብሎ ማሰብ። "ብሎ ማሰብ" የምትለዋን ያዙልኝ፤ አፑ ቀላል ቢሆንም ሰውየው ከባድ ነው ካለ ከባድ ነው። ዴቪስ ያገኘው ሌላው ነገር፣ ከቅለቱ ይልቅ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ነው። ነጋዴውን እዩት። የአዲስ አበባው ገዢ ብሩን ካላስገባ ጭነቱ ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል እንደምንም በቃሉ ያዘ፣ ሲጠፋበትም ልጁን ይጠራል። አክስቴ የምትልከው በወር አንዴ ነው። ባንክ ስትሄድ ጎረቤት ታገኛለች፣ ስትመለስ ቡና ይጠጣሉ። ምን ጎደለባት?

በ2003 (እ.ኤ.አ.) ቬንካቴሽ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ዴቪስም አለበት፣ ሰፋ ያለ ሞዴል ይዘው መጡ፤ የዙሪያ ሰው ግፊትና አመቺ ሁኔታም፣ እንደ ኔትወርክ ያለው፣ ገቡበት። የመጨረሻዋን እኛ ጎጃም ያለነው በደንብ አውቀናታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ አፑ ስልክ ላይ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ዳታ የማይፈልገው በኮድ የሚሠራው ግን፣ ለምሳሌ የቴሌብር *127#፣ ስልክ እስከሠራ ድረስ ያገለግላል። ሰው አፑን ትቶ ወደ ኮድ ቢመለስ ቴክኖሎጂ ጠልቶ አይደለም።

ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች እምነትንና ስጋትንም ጨመሩ። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ገበያ ላይ "ልኬልሃለሁ" ቢሉት፣ ስክሪንሾት ቢያሳዩትም፣ ነጋዴው ሜሴጁ በራሱ ስልክ እስኪገባ እህሉን አያስነካም። ልክ ነው።

ባለፈው አክስቴን ላስተምራት ቁጭ አልኩ። ፒን አወጣን፣ መቶ ብር ለልጇ ላክን፣ ደረሰ። ሳቀች። ከዚያ "ቁጥሩን ብሳሳትስ ማን ይመልስልኛል ልጄ?" አለችኝ። አምና የተቀባዩን ስም ሳላነብ ቸኩዬ አረጋግጥ የሚለውን ተጭኜ ለማላውቀው ሰው የላክሁት ሁለት ሺህ ብር ትዝ አለኝ። እስካሁን አልተመለሰም። ዝም አልኩ፣ እሷም ደብተሯን ይዛ ወደ ባንክ ወጣች።