ስለ ሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች የምንሳሳተው

እኛ ጎጃም ውስጥ እንጀራው በሸክላ ምጣድ ይጋገራል፣ ቡናው በጀበና ይፈላል፣ ጠላው በጋን ይጠመቃል። ዕቃውን ጓዳ ድረስ እናስገባለን፤ የሠራችውን ሴት ግን ደጅ እናቆማለን። ለዚህ ያበቁንን አንዳንድ ወሬዎች ላንሳ።

«ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው።» የከፋው ይሄ ነው። ልጅ ሆኜ ገበያ ስንሄድ ሸክላ ተራ ጋ ስንደርስ «ቀና ብለህ እንዳታያቸው» እባል ነበር። እውነታው ሌላ ነው። በርስት ዘመን ብዙዎቹ ባለእጆች መሬት ስላልነበራቸው በእጃቸው ሥራ ያድሩ ነበር። ሌላው ስለማያገባቸውም እርስ በርስ ተጋቡ። ባል ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሚስት ሸክላ ትሠራለች፣ ሴት ልጅ ከእናቷ እጅ ትማራለች። ሙያው ቤተሰብ ውስጥ የቀረው በእኛው ማግለል ነው እንጂ በምትሃት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አለ፣ ያሳዝናል።

«ጭቃ ማቡካት ምን ሙያ አለው?» እስቲ አንድ ምጣድ እንይ። አፈሩ ተመርጦ ይወቀጣል፣ ይነፋል። የተሰበረ ሸክላ ገሉ ተፈጭቶ ይገባበታል፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የሚረዳው እሱ ነው። ጭቃውን የሚያሽከረክር መንኮራኩር የለም፣ ሁሉም በእጅ ነው። ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ስለሚሰነጠቅ ጥላ ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በኩበት፣ በጭድና በእንጨት ይተኮሳል። በዚያ ሰዓት ድንገት ነፋስ ቢነሳ የሳምንት ልፋት ገል ሆኖ ሊቀር ይችላል። እኛ ደግሞ ገበያ ላይ በጣታችን ኳ ኳ አድርገን ድምፁን ሰምተን፣ «ቀንሺ» እንላለን።

«ስኒ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፣ ሸክላ የኋላ ቀር።» ሁለቱም አፈር ናቸው። ስኒ የሚለው ቃል ራሱ በዓረብኛ «የቻይና» ከማለት የመጣ ነው። ስኒው የሚሠራበት ፖርሴሊን ነጭ አፈር ይፈልጋል፣ እሳቱም ከ1,200 ዲግሪ በላይ ነው፤ የእኛ የሜዳ እሳት ከዚያ በጣም ያንሳል። ግን ያንን ቀጭን ስኒ ፍም ላይ ጣዱትና እዩ፣ ጀበና የሚችለውን አይችልም።

በስኒና በሳህን ስሙ የገነነው የእንግሊዙ ዌጅውድም የተነሳው ከሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ጆሳያ ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1730 ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ጉልበቱን ስለጎዳው መንኮራኩሩን በእግሩ መምታት ተቸገረ፤ በኋላም እግሩ ተቆረጠ። እሱ ግን አፈርና ቀለም እየመረመረ፣ በ1759 የራሱን ሥራ ጀምሮ፣ ለእንግሊዟ ንግሥት ሻርሎት ዕቃ እስከ ማቅረብ ደረሰ። ልጁ ሱዛና የሐኪም ሚስት ሆነች፤ የዝግመተ ለውጡን ሊቅ ቻርለስ ዳርዊንን የወለደችው እሷ ናት። የእኛዋ ሸክላ ሠሪ ልጅ ግን «ቡዳ ናት» ተብላ ከስንት ቤት ደጅ ተመልሳለች?

 

«ምጣዱ በሳምንቱ ተሰነጠቀ፣ አታለለችኝ።» አሟሽታችሁታል? አዲስ ምጣድ መጀመሪያ በትንሽ እሳት ቀስ እያለ ይሞቃል፣ በጎመን ዘር እየታሸ ወዙን ይጠጣል። ከገበያ አምጥታችሁ በቀጥታ የሚንቀለቀል እሳት ላይ ከጣዳችሁት የሰነጠቃችሁት እናንተ ናችሁ።