ማክቤዝን ክፍል ውስጥ ማንበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር አንድ የሼክስፒር ትራጀዲ ለማንበብ ላሰበ መምህር ማክቤዝ ጥሩ ምርጫ ነው። ከትራጀዲዎቹ ሁሉ አጭሩ ሲሆን 2,100 ያህል ስንኝ አለው፤ ሐምሌት ወደ 4,000 ይጠጋል። በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ ተመድቦ በየክፍለ ጊዜው 100 ስንኝ ቢነበብ በ7 ሳምንት ያልቃል። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ማክቤዝ የተባለ የስኮትላንድ የጦር አለቃ ሦስት ጠንቋዮች «ትነግሣለህ» ይሉታል። ቤቱ በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ ደንከንን ገድሎ ይነግሣል፤ ዙፋኑን ለማጽናት ሲገድል ይከርምና በመጨረሻ ማክደፍ በተባለ የስኮትላንድ መኳንንት እጅ ይወድቃል።

«የሼክስፒር እንግሊዝኛ እንደ ግዕዝ ነው»

አይደለም። ግዕዝና አማርኛ ሁለት ቋንቋዎች ናቸው። በ1606 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጻፈው ማክቤዝ ግን ከዛሬው እንግሊዝኛ ጋር አንድ ቋንቋ ነው፤ ልዩነቱ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አማርኛ ከዛሬው ጋር እንዳለው ዓይነት ነው። ተማሪን የሚጥለው ደግሞ የማያውቀው ቃል ሳይሆን የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው፤ የማያውቀውንማ መዝገበ ቃላት ያወጣለታል። «ስቲል» ብዙ ጊዜ «ሁልጊዜ» ነው። «ፕረዘንትሊ» «ወዲያውኑ» ነው። «ዌርፎር» «የት» ይመስላል እንጂ «ለምን» ማለት ነው። በ5ኛው ገቢር 5ኛ ትዕይንት ማክቤዝ በዚህ ቃል «ያ ጩኸት የምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ንግሥቲቱ ሞታለች» የሚል ነው። «የት» ብሎ ያነበበ ተማሪ ጥያቄና መልሱ አይገጥሙለትም። ከደብተሩ ጀርባ እንዲህ ያሉ 30 ቃላት በሁለት ዓምድ ቢያዙ ለተውኔቱ ይበቃሉ።

«ዛው የክብር መጠሪያ ነው»

ይህ ስሕተት የሚመጣው ቃሉ በእንግሊዝኛ ጸሎት ውስጥ ስለሚሰማ ነው። «ዛው» አንተ ወይም አንቺ ነው፤ «ዩ» ደግሞ እናንተ ወይም አንቱ። ከሐምሌት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናቱ «ሐምሌት፣ አባትህን እጅግ አስቀይመሃል» ስትለው በ«ዛው» ነው። እሱ «እናቴ፣ አንቱ አባቴን እጅግ አስቀይመዋል» ብሎ በ«ዩ» ይመልስላታል። እሷ አባት የምትለው አሁን ያገባችውን ነው፣ እሱ ደግሞ የሞተውን። አክብሮቱ ውስጥ ያለውን ቅዝቃዜ ቤቱ ውስጥ ታላላቆቹን አንቱ ብሎ ያደገ የወሎ ልጅ ወዲያው ይሰማዋል። መጠሪያው በተቀየረ ቁጥር ማስመር ጥሩ ልማድ ነው።

«ቤት ካልመታ ግጥም አይደለም»

የእኛ ወል ቤት 6 እና 6 ቀለም ቆጥሮ ቤት ይመታል። የሼክስፒር ስንኝ በአብዛኛው 10 ቀለም አለው፤ ላላ፣ ጠበቅ እያለ 5 ጊዜ ይረግጣል፣ ቤት መምታት ግን አይጠበቅበትም። ጠረጴዛ እየመቱ ማንበብ ነው የሚሻለው፤ በጣት ቀለም ከመቁጠር በተሻለ ያስይዛል። ዋናው ነገር ምቱ የት እንደሚሰበር ማየት ነው። የጠንቋዮቹ ስንኝ አጭር ነው፣ ጠበቅ ብሎም ይጀምራል። የማክቤዝ ሚስት ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ ስትሄድ (5ኛ ገቢር፣ 1ኛ ትዕይንት) ንግግሯ ዝርው ነው፤ አእምሮዋ ሲፈርስ ግጥሟም አብሮ ፈርሷል።

«ጠንቋዮቹና ሚስቱ ናቸው ያስገደሉት»

ጽሑፉን ጣት እያስነኩ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። በ1ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት ጠንቋዮቹ ለማክቤዝ ሰላምታና ትንቢት ይሰጣሉ፤ «ግደል» የሚል ትእዛዝ የለም። ትእዛዝ የሚመጣው በ4ኛው ገቢር ነው፤ ያኔ ግን እነሱን ፈልጎ የሄደው ራሱ ነው። ሚስቱም ስትሞግተው «ይህን ነገር መጀመሪያ ያነሳህልኝ አንተ ነህ» ትለዋለች። የጦር ጓደኛውን ባንኮን ሲያስገድል ደግሞ ጭራሽ ይደብቃታል።

«ሐማርትያ የባሕርይ እንከን ነው፤ የማክቤዝ እንከን ሥልጣን መውደድ ነው»

ብዙውን ጊዜ ይህ ዓረፍተ ነገር ደብተር ላይ ይሰፍርና ንባቡ እዚያው ይቆማል። አርስቶትል ስለ ትራጀዲ ጀግና ውድቀት ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክኛ ቃል ሥሩ ዒላማ መሳት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ተማሪ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። የግዕዙ «ኀጥአ» አጣ፣ ሳተ፣ በደለ ማለት ነው፤ «አጣ» እና «ኃጢአት» ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ዐረብኛ የቀራ ልጅም «ኸጠእ» ስሕተት መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው «እንከኑ ምንድን ነው?» ሳይሆን «የት ላይ ሳተ? ሲስትስ ምን ያውቅ ነበር?» ቢሆን ይሻላል።

መልሱ በ1ኛው ገቢር 7ኛ ትዕይንት አለ። ማክቤዝ ብቻውን ሆኖ ንጉሡን የማይገድልበትን ምክንያት ይቆጥራል፦ ዘመዱ ነው፣ ጌታው ነው፣ እንግዳው ነው፤ በር ዘግቶ ሊጠብቀው ሲገባ ጩቤ ሊይዝበት ነው። ሁሉንም ያውቃል፤ የሚገፋው ከምኞት በቀር ሌላ እንደሌለም በአፉ ይናገራል። እንግዳ መግደል ምን ዓይነት ነውር እንደሆነ ወሎ ውስጥ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ክብደቱን ከዚያ መነሳት ነው።

«ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ነው»

በ2ኛው ገቢር 2ኛ ትዕይንት ማክቤዝ ደም የነካቸውን ጩቤዎች ይዞ ይመጣና አልመልስም ይላል። ሚስቱ ጩቤዎቹን ተቀብላ «የሚደማ ከሆነ የጠባቂዎቹን ፊት እቀባዋለሁ፤ ጥፋቱ የእነሱ መምሰል አለበት» ትላለች። ለመቀባት የመረጠችው ግስ «ጊልድ» ነው፣ በወርቅ መለበጥ። ጥፋት ደግሞ «ጊልት» ነው። በጆሮ ሲሰሙ ሁለቱ ይነካካሉ፤ ወርቅ ስትቀባ ጥፋት ትለጥፋለች። በሚቀጥለው ትዕይንት ማክቤዝ የሟቹን ብርማ ቆዳና ወርቃማ ደም ሲያነሳ ያው ወርቅ ይመለሳል። ይህን በዓይን ብቻ ያነበበ አያገኘውም፤ ድምፅ ማውጣት ያስፈልጋል።

ማክቤዝ በ4ኛው ገቢር የሚሰማው ትንቢትም እንዲሁ ነው። «ከሴት የተወለደ አይጎዳህም» በሚለው ውስጥ ኅብረ ቃሉ «የተወለደ» ነው። ማክቤዝ ሰሙን ሰምቶ ማንም ሰው አይነካኝም ብሎ ይተማመናል፤ ማክደፍ ግን ያለ ጊዜው ከእናቱ ማሕፀን ተቀድዶ የወጣ ነው።

«ተውኔት ቁጭ ብሎ ቢነበብ ይበቃል»

የግብሩን ትዕይንት (3ኛ ገቢር፣ 4ኛ ትዕይንት) ቢያንስ አንድ ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል። ሲጀመር ማክቤዝ «ማዕረጋችሁን ታውቃላችሁ፣ ተቀመጡ» ይላል፤ ሲያልቅ ሚስቱ «የአወጣጥ ተራ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ሂዱ» ብላ ታስወጣቸዋለች። መንግሥቱ በአንድ ማዕድ ላይ ሲፈርስ የሚታየው በመቀመጫ ነው። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ያየ የደሴ ተማሪ ግብር ምን እንደሆነ ያውቃል።

8 ወንበር ደርድሩና አንዱን ባዶ ተዉት። የባንኮ መንፈስ ገብቶ በማክቤዝ ቦታ ይቀመጣል። ማክቤዝ «ማዕዱ ሞልቷል» ሲል «እዚህ የተጠበቀ ቦታ አለ» ይሉታል፤ «የት?» ይላል። ይህችን «የት» ሳይቸኩል ማለት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መንፈሱን የሚጫወተው ልጅ ሲጮህ ወይም ፊቱን ሲያጣምም ነው፤ ክፍሉ ይስቅና ትዕይንቱ ይሞታል። ባንኮ እዚህ አንድም ቃል የለውም፤ ዝም ብሎ ማየቱ ይበቃል።

«የአማርኛውን ትርጉም ማንበብ ማጭበርበር ነው»

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን፣ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሷል። ትርጉሙን ቀድሞ አንብቦ ታሪኩን መያዝ ጊዜ ይቆጥባል፣ እንግሊዝኛውንም ያለ ፍርሃት ለመክፈት ያስችላል። ስለ ቃላት ምርጫ ሲጻፍ ግን ማስረጃው ከእንግሊዝኛው መሆን አለበት፤ «ጊልድ» እና «ጊልት» ወደ አማርኛ አብረው አይሻገሩም።

«ታሪኩን በደንብ የተረከ ጥሩ ድርሰት ጽፏል»

ነጥብ የሚያስጥለው በአብዛኛው ይኸው ነው። የአንድ አንቀጽ አሠራር፦ አቋም በ1 ዓረፍተ ነገር፣ ከ10 ቃል ያልበለጠ ጥቅስ ከገቢርና ከትዕይንት ቁጥሩ ጋር፣ ከዚያ በጥቅሱ ውስጥ ስላለ አንድ ቃል 3 ወይም 4 ዓረፍተ ነገር። ረቂቁ ሲያልቅ እርሳስ ይዞ «ከዚያ ይህ ሆነ» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ መሰረዝ ነው። ከግማሽ በታች ከቀረ አንቀጹ ገና አልተጻፈም፤ ወደ ጥቅሱ ተመልሶ አንዱን ቃል እንደገና ማየት ይገባል።