"ብላክ ቤልት እጁ ይመዘገባል" እና ሌሎች ስለ ቴኳንዶ የሚወሩ ተረቶች

ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ለብሼ ታክሲ ከገባሁ ወሬው ሁሌ አንድ ነው። ከኋላ አንዱ "ካራቲስት ነህ እንዴ?" ይላል፣ ጎኑ ያለው ደሞ እኔን ሳይጠብቅ "እነሱ እኮ እጃቸው ይመዘገባል" ብሎ ያስረዳዋል፣ እስክወርድ ድረስ ይቀጥላል። ግን የውጪ ሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ እኛ ራሳችን ስልጠና ላይ ያለነው ግማሹን ተረት አምነን ነው የምንዞረው። እኔም ለዓመታት አምኜ ነበር። ዛሬ አንድ በአንድ ላውራቸው፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"ያው ካራቴ ነው"

እኛ ሀገር እግሩን ከወገብ በላይ ያነሳ ሁሉ ካራቲስት ነው፣ ለምጄዋለሁ። ካራቴ ከኦኪናዋ ወደ ጃፓን የገባ ነው፣ ቴኳንዶ የኮሪያ ነው። ቴ በእግር መምታት፣ ኳን ቡጢ፣ ዶ መንገድ ማለት ነው። ግን "ኧረ ምንም አይገናኝም!" ብለው የሚቆጡትም ተሳስተዋል፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

"2,000 ዓመት ያስቆጠረ ጥንታዊ ጥበብ ነው"

ይቺን ገና በነጭ ቀበቶ ነው የምንሸመድዳት። የጥንቷ ኮሪያ የሲላ መንግስት፣ ህዋራንግ የሚባሉ ወጣት ተዋጊዎች፣ መቃብር ግድግዳ ላይ የተሳለ ስዕል ምናምን። ህዋራንጎች በታሪክ ነበሩ፣ እሱ እውነት ነው፣ እኛ የምንሰራውን ቴኳንዶ ይሰሩ ነበር የሚለው ላይ ነው ችግሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ገዝታለች፣ በዛ ጊዜ ለትምህርት ጃፓን የሄዱ ኮሪያውያን ወጣቶች ካራቴ ተምረው ተመለሱና ሀገራቸው ላይ ማሰልጠኛ ከፈቱ። ሊ ዎን ኩክ በ1944 ሴኡል ላይ ቹንግ ዶ ኳን የሚባለውን ማሰልጠኛ ሲከፍት የያዘው ሾቶካን የሚባለውን የካራቴ ስልት የመሰረተውን የፉናኮሺን ትምህርት ነው። በኋላ የኮሪያ ጦር ጀነራል የሆነው ቾይ ሆንግ ሂ ራሱም ጃፓን ተማሪ እያለ ካራቴ ሰርቷል። ከነፃነት በኋላ ግን በቅኝ ገዢህ ስም የሚጠራ ነገር ለወታደርህ ማስተማር ይከብዳል አይደል? "ቴኳንዶ" የሚለው ስም የፀደቀው ሚያዝያ 1955 ነው፣ ያቀረበውም ቾይ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት የእግር ስራው እየሰፋ፣ ፓተርኖቹ (በቅደም ተከተል የሚሰሩት የእንቅስቃሴ ስብስቦች) እየተቀየሩ ከካራቴ እየራቀ ሄደ። ስለዚ ቴኳንዶ በስም ደረጃ ከብዙዎቻችን አያቶች ያንሳል!

የሚያስቀኝ ደሞ ህዋራንግ የሚለው ፓተርን 29 እንቅስቃሴ ነው ያለው፣ ቁጥሩ ከሲላ የመጣ ይመስላችኋል አይደል? ከራሱ ከቾይ 29ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ነው የመጣው፣ ስልጠናው የጎለበተበት ጦር ማለት ነው። የሺ ዓመት ስም፣ የ1950ዎቹ ቁጥር።

ጥንታዊ የኮሪያ የእግር ጨዋታ ከፈለጋችሁ ተክዮን አለላችሁ፣ ዩኔስኮ በ2011 የመዘገበው፣ እንደ ጭፈራ እየተወዛወዙ በእግር የሚጣጣሉበት። ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት፣ ከኛ ስራ ጋር ብዙም አይመሳሰልም።

"ነጩ ቀበቶ በላብና በአፈር ብዛት ነው የሚጠቁረው"

ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ግን ተረት ነው። ጥቁር ቀበቶን የደረጃ ምልክት ያደረገው የጁዶው ጂጎሮ ካኖ ነው፣ 1880ዎቹ ላይ፣ ባለቀለሞቹ ደሞ ከዛ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተስፋፉት። ኮሪያዎቹ ዝግጁ ሆኖ ነው የወሰዱት። እና ወንድሜ ቀበቶህን እጠብ፣ ጉልበት አይወጣለትም፣ ሽታው ነው የሚወጣው።

"ብላክ ቤልት ከያዘ ጨርሷል"

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ፀብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ከነጭ እስከ ቀይ ያለው ደረጃ ጉፕ ይባላል፣ ከ10 ወደ 1 እየቆጠረ ይወርዳል። ጥቁሩ ላይ ዳን ይጀምራል፣ አንደኛ ዳን። አንደኛ! መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ለምን አንደኛ ይባላል? የመጀመሪያው ዳን ማለት ፊደል ቆጥሮ ጨረሰ፣ አሁን ማንበብ ይጀምር ማለት ነው።

ሴኡል ያለው ኩኪዎን፣ በ1972 የተከፈተው፣ የዳን ሰርተፍኬት የሚሰጠው ቤት ማለት ነው፣ በየዳኑ መሀል የግድ የምትጠብቀው ጊዜ አለው፦ ከ1ኛ ወደ 2ኛ 1 ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ 2 ዓመት፣ እንዲህ እያለ ከ6ኛ ወደ 7ኛ 6 ዓመት፣ ከዛ 8፣ ከዛ 9። ደምሩት፣ ከመጀመሪያው ዳን 9ኛ ለመድረስ ቢያንስ 38 ዓመት። አንድም ፈተና ሳትወድቅ ነው ይሄ። እና 25 ዓመት ያልሞላው ልጅ ቲክቶክ ላይ "ግራንድ ማስተር" ብሎ ስሙ ላይ ሲፅፍ ሂሳቡን እናንተው ስሩት።

ማስተር ከተባለ አይቀር፣ እኛ ጋ ያሰለጠነ ሁሉ "ማስተር" ነው፣ አክብሮት ስለሆነ ክፋት የለውም፣ ግን በአይቲኤፍ (ቾይ በመሰረተው ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ድርጅት) ህግ ማስተር የሚባለው 7ኛ እና 8ኛ ዳን ነው፣ ግራንድ ማስተር 9ኛ። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያለው ሳቡም (አሰልጣኝ) ነው። እኔን የጀመሩኝ ሰውዬ 2ኛ ዳን ነበሩ፣ ማስተር ስንላቸው አንድ ቀንም አላረሙንም ሃሃ፣ ግን ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ።

ሌላው "የ9 ዓመት ልጅ ብላክ ቤልት ያዘ፣ ቀልድ ነው" የሚባለው። ኮሪያ ውስጥ ህፃናት ትምህርት ሲለቀቁ ዶጃንግ (ማሰልጠኛ ቤት) መሄዳቸው የተለመደ ነው፣ ለነሱ ፑም የሚባል ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ቀበቶ አለ። እድሜያቸው ሲደርስ ወደ ዳን ይቀየርላቸዋል። ማንም እዛ "ይሄ ልጅ ገዳይ ነው" አይልም፣ ደረጃው የሚለካው ተምሮ የጨረሰውን ነው እንጂ ሰፈር ውስጥ ማንን እንደሚጥል አይደለም።

"እጁ ፖሊስ ጋ ይመዘገባል፣ ከመምታቱ በፊት ሶስቴ ማስጠንቀቅ አለበት"

የዳን ሰርተፍኬት የሚሰጠው የስፖርቱ ድርጅት ነው፣ ፖሊስ ጋ የሚሄድ ኮፒ የለም። እኔን የመዘገበኝ ያሰለጠነኝ ክለብ ብቻ ነው፣ እሱም ለወርሃዊ ክፍያ!

"ፓተርን ዳንስ ነው፣ ስፓሪንግ (ግጥሚያ) ብቻ ይበቃል"

እኔም በቢጫ ቀበቶ እንዲህ ነበር የምለው። የአይቲኤፍ ፓተርኖች 24 ናቸው፣ ቾይ የአንድ ቀን 24 ሰዓት ነው ብሎ ነው፣ እና ብዙዎቹ የኮሪያ ሰዎችና ታሪክ ናቸው። ጁንግጉንን ውሰዱ፣ 32 እንቅስቃሴ። አን ጁንግ ጉን በ1909 ሀርቢን ባቡር ጣቢያ ላይ ጃፓናዊውን ኢቶ ሂሮቡሚን ተኩሶ የገደለው ሰው ነው፣ በ1910 ተሰቀለ፣ 32ቱ ሲሞት የነበረው እድሜ ነው ይባላል። አንዱ ጓደኛዬ ልደቱን ፈልጎ "1879 ነው የተወለደው፣ 30 ነው እኮ፣ ተሳስተዋል" ብሎ መጣ። አልተሳሳቱም፣ በድሮ የኮሪያ አቆጣጠር ስትወለድ 1 ዓመት ነህ፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር 1 ይጨመራል። ቁጠሩት፣ 32 ይመጣል።

ቹንግሙ ደሞ የባህር ኃይሉ አዛዥ የዪ ሱን ሺን ነው፣ በ1598 ጃፓኖችን እያሳደደ ውጊያ ላይ የሞተው። ፓተርኑ በግራ እጅ ምት ነው የሚያልቀው፣ ያለጊዜው መቀጨቱን ለማሳየት። ይሄን ካወቅኩ በኋላ የመጨረሻዋን ምት እንደ ድሮው ተቻኩዬ አልሰራትም።

"ቡጢ የለውም፣ እግር ብቻ ነው" እና "አይቲኤፍና ወርልድ አንድ ናቸው"

ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ኦሎምፒክ ላይ የምታዩት የወርልድ ቴኳንዶ ነው፣ በ1973 የተመሰረተው፣ ከ2000 ሲድኒ ጀምሮ ሙሉ የሜዳልያ ስፖርት የሆነው። እዛ ፊት ላይ በቡጢ መምታት ክልክል ነው፣ በቶክዮ ኦሎምፒክ ህግ ደረት ላይ ቡጢ 1 ነጥብ፣ ዞሮ ጭንቅላት ላይ የተመታ ኪክ 5 ነጥብ ነበር። 5 እያለልህ ለ1 ማን ይለፋል? ህጉ ነው እጅን ያጠፋው። አይቲኤፍ ጋ ግን በጓንት ፊት ላይ ቡጢ ይፈቀዳል። አይቲኤፍን ቾይ በ1966 ነው የመሰረተው፣ ከኮሪያ መንግስት ጋር ተጣልቶ በ1972 ካናዳ ገባ፣ በ2002 ፒዮንግያንግ ውስጥ ሞተ፣ ከዛ በኋላ ደሞ ድርጅቱ ራሱ ተከፋፈለ። ስለዚ በቶክዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ የተወዳደረልን ሰለሞን ደምሴ በወርልዱ ህግ ነው የተጫወተው፣ "ለምን በቡጢ አልመታውም" እያላችሁ ቲቪ ላይ ስትጮሁ የነበራችሁ ሰዎች አሁን ገባችሁ?

"ማጎንበሱ ስግደት ነው"

ይሄ ብዙ ልጅ ከስልጠና አስወጥቷል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት። ኮሪያ ውስጥ ሰው ሱቅ ሲገባም፣ ትልቅ ሰው ሲያገኝም ጎንበስ ይላል፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥም በሁለት እጁ ነው። ኮሪያ ውስጥ ደሞ ስንትና ስንት ሚሊዮን ክርስቲያን አለ፣ ዶጃንግም ይሰራሉ ቤተክርስቲያንም ይሄዳሉ። ትእዛዙ "ኪዩንግኔ" ነው፣ ሰላምታ ስጥ።

እናቴ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ተቆጥታኛለች። በኋላ የሰማያዊ ቀበቶ ፈተናዬን ልታይ መጣች፣ ጥግ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላ ዝም ብላ አየች። ስንወጣ "እጅ መንሳት ነው እንዴ ለካ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ታዲያ ቤት ለአያትህ ስትሆን ወገብህ ለምን አይታጠፍም?"