ናኖ ቁሶችና ባዮፖሊመሮች፦ ከተጣሉ በኋላ ምን ይሆናሉ?

ናኖ ቁስ የሚባለው ቢያንስ በአንድ በኩል መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆነ ነገር ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮነኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። የዲኤንኤ ክር ግን 2 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ባዮፖሊመር ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር የሚሠራው ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። የእንጨት ሴሉሎስ፣ የድንች ስታርች፣ የሸርጣን ቅርፊት ካይቲን፣ ሐር፣ ሁሉም እዚህ ይመደባሉ።

ብዙ ሰው «ናኖ» ሲባል ይደነግጣል፤ «ተፈጥሯዊ» ሲባል ደግሞ ይረጋጋል። ሁለቱም ችኮላ ነው። አንድ ቁስ ወንዝ ወይም አፈር ውስጥ ገብቶ ይጎዳ እንደሆነ ከስሙ ማወቅ አይቻልም። መታየት ያለበት የውጭ ገጹ ምን እንደሚመስል፣ ሰንሰለቱ በምን እንደተያያዘ እና በመንገዱ ላይ ምን እንደገጠመው ነው። ከፋብሪካ የወጣው ቅንጣትና ወንዝ የደረሰው ቅንጣት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ትንሽነት የሚለውጠው

ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ እንውሰድ። የስድስቱ ፊቶቹ ስፋት ሲደመር 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው 1 ናኖሜትር የሆኑ ደቃቅ ኩቦች እስኪሆን እንከታትፈው። ቁሱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የገጹ ስፋት ግን 6,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። የእግር ኳስ ሜዳ ለማከል ትንሽ ነው የሚቀረው። ውስጥ ተቀብረው የነበሩት አቶሞች አሁን ውጭ ናቸው፤ ከውሃ፣ ከኦክስጅን፣ ከሕዋስ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ባሕርይም ይለወጣል። ወርቅ 20 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። ማይክል ፋራዳይ ይህን ቀይ ፈሳሽ ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። «ናኖቴክኖሎጂ» የሚለውን ቃል የጃፓኑ ኖሪዮ ታኒጉቺ የተጠቀመበት ግን በ1974 ነው። ቅንጣቶቹ ከቃሉ በጣም ይቀድማሉ። ጭስ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና የሸክላ አፈር ውስጥ ድሮም ነበሩ።

የብር ጉዞ

የናኖ ቁስን መርዛማነት ለመረዳት ከብር የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። ናኖ ብር ባክቴሪያ ስለሚገድል ካልሲ ላይ፣ የቁስል ፋሻ ላይ፣ ማሸጊያ ላይ ይደረጋል። ውሃ ሲነካው ገጹ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና የብር አዮን (የኤሌክትሪክ ሙሌት የያዘ የብር አቶም) መልቀቅ ይጀምራል። ዋናው ጉዳት አድራሽ ይህ አዮን ነው። ፕሮቲን ውስጥ ድኝ ያለበትን ቦታ ፈልጎ ይጣበቃል፤ ኤንዛይሙም ሥራ ያቆማል። ዓሣ ላይ ደግሞ መተንፈሻ ስንጥቡ ሶዲየም የሚያስገባበትን መንገድ ይዘጋል።

ካልሲው ሲታጠብ የብሩ ከፊል ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዝቃጩ ውስጥ ኦክስጅን የለም፣ ሰልፋይድ ግን ሞልቷል። ብሩ ከሰልፋይዱ ጋር ይዋሃድና ሲልቨር ሰልፋይድ ይሆናል። የብር ጌጥን የሚያጠቁረውም ይኸው ውህድ ነው። ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ አዮን አይለቅም ማለት ይቻላል፤ መርዛማነቱም በእጅጉ ይወርዳል። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ዝቃጩ ግን በብዙ አገሮች ማዳበሪያ ሆኖ እርሻ ላይ ይበተናል። እዚያ ብሩ ሌላ ዕድሜ ይጀምራል።

ዚንክ ኦክሳይድም እንደ ብር በመሟሟት ነው የሚጎዳው። በተለይ አልጌ አይችለውም። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ አይሟሟም። የሱ ነገር ብርሃን ነው። አናቴዝ የሚባለው ክሪስታሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ይነቃነቅና ዙሪያው ያለው ውሃና ኦክስጅን ወደ ኃይለኛ ራዲካል፣ ማለትም ያገኘው ላይ ሁሉ ወደሚዘምት ያልተረጋጋ ሞለኪውል፣ ይለወጣል። ራዲካሉ ያገኘውን ሕዋስ ያቃጥላል። ስለዚህ በጨለማ የተሠራ ሙከራና በፀሐይ የተሠራ ሙከራ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥ ያለው ቅንጣት በሲሊካ ወይም በአሉሚና የሚሸፈነው ለዚሁ ነው። ምግብ ማንጫው ኢ171ም ይኸው ቁስ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 ዲኤንኤን የመጉዳት ሥጋቱን ማስወገድ አልተቻለም አለ። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ከምግብ ውስጥ አገደው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ የቅርጽ ነው። ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ዓለም እንዲያያቸው ያደረጋቸው የካርቦን ናኖ ቱቦዎች ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። ሰውነትን የሚጠብቀው ነጭ የደም ሕዋስ ባዕድ ነገርን ሙሉ በሙሉ ውጦ ነው የሚያጠፋው። ግትርና ረጅም ቱቦ ሲገጥመው ውጦ አይጨርሰውም፤ ጫፉ ውጭ ይቀራል። ሕዋሱ እየታገለ ዙሪያውን ያስቆጣል። በ2008 አይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ረጃጅሞቹ ቱቦዎች እንደ አስቤስቶስ ዓይነት ምላሽ እንደሚቀሰቅሱ አሳየ። አጫጭሮቹና የተጠቀለሉት ግን ያን አላደረጉም። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን የቱቦ ዓይነት ብቻ ነጥሎ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ አስቀመጠው።

ከዳፍኒያ ሆድ የታየው

ዳፍኒያ የውሃ ቁንጫም ትባላለች። ሐይቅና ኩሬ ውስጥ የምትኖር ጥቂት ሚሊሜትር የምታክል ፍጥረት ናት። ውሃውን እያጣራች ያገኘችውን ትበላለች። ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል፤ በማይክሮስኮፕ ልቧ ሲመታ፣ አንጀቷ ሲሞላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ናኖ ቱቦ ያለበት ውሃ ውስጥ ስትገባ አንጀቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር መስመር ይሆናል።

ናኖ ቱቦ በራሱ ውሃ አይወድም። ውሃ ውስጥ እንዲበተን ተመራማሪዎች በቅባታማ ሞለኪውል ሸፈኑት። በ2007 የታተመ ሥራ እንዳሳየው ዳፍኒያዋ ቱቦውን ዋጠች፣ ሽፋኑን እንደ ምግብ ፈጨችው፣ እርቃኑን የቀረውን ቱቦ መልሳ አወጣችው። ቱቦዎቹም ተጓጉለው ወደ ታች ዘቀጡ። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። አንዲት ቁንጫ መሳይ ፍጥረት ላቦራቶሪ የሠራውን ሽፋን በልታ ቁሱን ሌላ ቁስ አደረገችው።

ሌላ ትምህርት ደግሞ ከፉለሪን መጣ። ፉለሪን 60 የካርቦን አቶም ያለው ኳስ ነው፤ በ1985 የተገኘ ሲሆን ለአግኚዎቹ ለክሮቶ፣ ለከርልና ለስሞሊ በ1996 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በ2004 ፉለሪን የዓሣ አንጎል ላይ ጉዳት አደረሰ የሚል ጥናት ወጣና ዓለምን አስደነገጠ። ኋላ ላይ ሲመረመር ፉለሪኑን ውሃ ውስጥ ለመበተን ያገለገለው ቴትራሃይድሮፉራን የተባለ ማሟሚያ ርዝራዡ ቀርቶ ነበር። በ2007 በዜብራ ዓሣ እጮች ላይ የተሠራ ሥራ ጉዳቱ ከዚህ ማሟሚያ ተረፈ ምርት ሊመጣ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቅንጣቱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የመጣውንም መፈተሽ የግድ ሆነ።

ሰንሰለቱ በምን ተያያዘ?

ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እነዚህ ነገሮች በእርግጥ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው ሲል ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም። የትናንሽ ሞለኪውሎች ክምር ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። እሱ ግን ገፋበት፤ በ1953 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ስታርችና ሴሉሎስን ብናነጻጽር ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሁለቱም የተሠሩት ከግሉኮስ ብቻ ነው። ልዩነቱ አንዱ ግሉኮስ ከሌላው ጋር የሚያያዝበት አቅጣጫ ነው። ስታርች ውስጥ ትስስሩ አልፋ ይባላል፤ ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ይጠመዘዛል፣ ኤንዛይምም በቀላሉ ይደርስበታል። ሴሉሎስ ውስጥ ትስስሩ ቤታ ነው። እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው በሃይድሮጅን ትስስር ይተሳሰራሉ። ስለዚህ ድንች እንፈጫለን፣ እንጨት ግን አንፈጭም። ላምም ብትሆን ሣሩን የሚፈጩላት ሆዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው።

ካይቲን የሴሉሎስ ዘመድ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ብራኮኖ በ1811 ከእንጉዳይ ነው ያወጣው። ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲቀቀል አሴቲል የሚባለው ክፍል ይነቀልና ካይቶሳን ይሆናል። ካይቶሳን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት ግን ናይትሮጅን ያለበት የአሚን ቡድኑ ከአሲዱ ፕሮቶን ተቀብሎ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ይይዛል፤ ሰንሰለቶቹም እርስ በርስ ተገፋፍተው ይሟሟሉ። ጭቃማ ውሃ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች አሉታዊ ሙሌት ስላላቸው ካይቶሳን ላይ ይለጠፉና ተጓጉለው ይዘቅጣሉ። ውሃው ይጠራል። ይኸው ጥሩ ባሕርይ ግን ሌላ ፊት አለው። የዓሣ ስንጥብም አሉታዊ ሙሌት አለው፤ የሟሟ ካይቶሳን እዚያም ይለጠፋል። ከሸርጣን ስለመጣ ብቻ ለዓሣ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ሙሌት ዓይን እያየ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ አልጂኔትን ይሞክር። ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ካልሲየም ክሎራይድ ወዳለበት ውሃ ጠብ ሲደረግ ጠብታው ወዲያው ቆዳ ያበጃል፤ ጥቂት ቆይቶ ልታነሳው የምትችል የረጋ ድብልብል ይሆናል። እያንዳንዱ የካልሲየም አዮን ሁለት ሰንሰለቶችን መሃል ገብቶ ስለሚያስራቸው ነው።

ከተክል መሠራትና መበስበስም የተለያዩ ናቸው። ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃው ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ ስኳር የሚፈላ ላክቲክ አሲድ ነው። ግን እንዲበሰብስ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚሞቅ የብስባሽ ፋብሪካ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ፒኤችቢ ግን ባክቴሪያ ራሱ እንደ ስብ የሚያጠራቅመው ነው። ሞሪስ ለሟኝ በ1926 ያገኘው ይህ ቁስ አፈርም ባሕርም ውስጥ የሚበላው ተሕዋስ አያጣም። በተቃራኒው ከነዳጅ ተሠርተው የሚበሰብሱ ፕላስቲኮችም አሉ።

ሁለቱ ሲገናኙ

ባዮፖሊመር ብቻውን ማሸጊያ ሲሆን ይለሰልሳል፣ እርጥበትና አየር ያሳልፋል። ናኖ ቁስ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። ውፍረቱ 1 ናኖሜትር የሆነ የሸክላ ንጣፍ ስታርች ውስጥ ሲበተን ኦክስጅን እየተጠማዘዘ ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። ናኖ ብር ካይቶሳን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ፊልሙ፣ ማለትም ስሱ የማሸጊያ ንጣፍ፣ ባክቴሪያ ይገድላል። ሴሉሎስም ራሱ ናኖ ይሆናል። ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ልሉን ክፍል በልቶ ስፋታቸው ከ5 እስከ 20 ናኖሜትር የሆኑ ዘንጎች ይተዋል። እነዚህ ዘንጎች ውሃ ውስጥ ብዙም ጉዳት የላቸውም። ደርቀው እንደ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገቡ ግን የሙከራ አይጦችን ሳንባ አስቆጥተዋል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ፊልሙ ሲበሰብስ የሚመጣው ነው። ባክቴሪያው ሰንሰለቱን ይበላል፣ ብሩን አይበላም። ተሸካሚው ሲያልቅ የተሸከመው ይለቀቃል። ሰንሰለቱም በአንድ ቀን አይጠፋም። በመሃል ይሰባበርና ራሱ ናኖ ፕላስቲክ ይሆናል። በ2019 የወጣ ጥናት ከፒኤችቢ የተለቀቁ እንዲህ ያሉ ስብርባሪዎች አልጌንና ዳፍኒያን እንደጎዱ አሳይቷል። ፒኤችቢ በደንብ ከሚበሰብሱት መካከል አንዱ ስለሆነ ውጤቱ ከባድ ነው።

የተለቀቀው ቅንጣትም እርቃኑን አይቆይም። ከበሰበሱ ዕፅዋት የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ ይሸፍነዋል፤ ብዙ ጊዜም መርዛማነቱን ያለዝበዋል። ጨዋማ ባሕር ሲደርስ ቅንጣቶቹን የሚያገፋፋው ሙሌት ይሸፈናል፤ ተጓጉለው ይሰምጣሉ። ያኔ ጣጣው ዓሣውን ትቶ ደለል ውስጥ ወደሚኖሩት ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ይዞራል።

ይህ ሁሉ መለካትን ከባድ ያደርገዋል። የተለመደው የዳፍኒያ ፈተና 48 ሰዓት ይፈጃል፤ የታሰበውም ለሚሟሟ ኬሚካል ነው። ናኖ ቅንጣት ግን በመሃል ይዘቅጣል። መጀመሪያ የተጨመረው መጠንና እንስሳዋ በእርግጥ ያገኘችው መጠን ይለያያሉ። በሚሊግራም ይቆጠር ወይስ በቅንጣት ብዛት፣ ወይስ በገጽ ስፋት? መልሱ እንደ ቁሱ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው ትርጓሜ ቆጠራን መርጧል፦ ከቅንጣቶቹ ቢያንስ 50 በመቶው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ከሆኑ ቁሱ ናኖ ነው። ትርጓሜው በ2022 ተሻሽሏል። ከጥር 2020 ጀምሮ ደግሞ በኅብረቱ ውስጥ አምራቾች የናኖ ቅርጽ ያላቸውን ኬሚካሎች ለብቻ ገልጸው ማስመዝገብ አለባቸው።

ለእኔ የሚያጓጓው ሌላ ዓይነት ሙከራ ነው። አዲስ ቅንጣት ከጠርሙስ ተቀድቶ አይሰጥም። ፊልሙ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ወራት ይጠበቃል። ከዚያ አፈሩን አጥቦ የወጣው ውሃ ይሰበሰብና ዳፍኒያዋ እዚያ ውስጥ ትለቀቃለች።