ቼዝ ለማሻሻል ሌላ አይነት ቼዝ መጫወት፦ ከ960 እስከ ጎንደሩ ሰንጠረጅ

አሁን ጎንደር ውስጥ ቼዝ የሚጀምር ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚማረው ከስልክ ነው፣ ዩትዩብ ላይ አንድ ሁለት ኦፕኒንግ፣ ማለትም የተጠና አጀማመር፣ ሸምድዶ ይመጣና የመጀመሪያዎቹን ሙቮች ዱብ ዱብ ያደርጋቸዋል፣ ተጋጣሚው ከቪዲዮው ውጪ የሆነ ነገር ሲጫወትበት ግን ቀጥ ይላል። ቫሪያንት የሚባሉት፣ ማለትም ህጋቸው ትንሽ የተቀየረ ቼዞች፣ የሚጠቅሙት ለዚህ ነው፣ ሽምደዳ አይሰራባቸውማ!

ታዋቂው ቼዝ 960 ነው። ቦቢ ፊሸር በ1996 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ላይ ያስተዋወቀው ሲሆን ከወታደሮቹ ኋላ ያሉት ፒሶች (ጠጠሮች) ቦታ በእጣ ይወጣል፣ ቢሾፖቹ (በሰያፍ የሚሄዱት) የተለያየ ቀለም ላይ፣ ንጉሱም በሁለቱ ሩኮች (ቀጥ ብለው በሚሄዱት) መሀል መሆን አለበት፣ 960 አይነት አጀማመር አለው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሙቭ የትኛው ወታደር ጠባቂ የለውም፣ ቢሾፑ በየት ይወጣል ብለህ ራስህ ማየት አለብህ።

ባግሃውስ ደግሞ በሁለት ቦርድ ለአራት ሰው ነው። የበላኸውን ፒስ ለጓደኛህ ትሰጣለህ፣ እሱም በተራው ባዶ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፣ "ፈረስ ስጠኝ፣ ቶሎ በል!" እየተባለ ካፌው ይደበላለቃል። ንጉስ አካባቢ ያለ ክፍተትን ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም፣ ጥቂት ፒስ ለሚቀርበት የጨዋታ መጨረሻ (ኢንድጌም) ግን ምንም አይጠቅምም ምክንያቱም ፒሱ አያልቅም።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ የራሳችን ሰንጠረጅ፣ ማለትም የድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ መረሳቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ አካባቢ የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ሳይቀር ስለሱ ጽፏል። ጨዋታው በወረራ ይጀምራል፣ ማለትም የመጀመሪያው ፒስ እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እኩል እያንቀሳቀሱ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይቀይራል፣ እጅህ ቦርዱ ላይ አይንህ ግን ሰውየው ላይ ነው። ፈርስ የሚባለው (ከፈረሱ የተለየ ነው) በንግስት ቦታ ያለው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው፣ በቢሾፕ ቦታ ያለው ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። በሩክ ወይም በፈረስ ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሱን ማምለጫ አሳጥቶ ማሸነፍ፣ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፣ ሙያው እንደ ፈርስና ፊል ያሉትን ደካሞች አስተባብሮ ንጉሱን መያዝ ነው፣ ንግስት ከተበላችበት በኋላ ተስፋ ለሚቆርጥ ልጅ ከዚህ በላይ ልምምድ ከየት ይመጣል?

ለመሞከር የተለየ ቦርድ አያስፈልግም፣ ያላችሁን ቼዝ አውጡና ንግስቷን እንደ ፈርስ፣ ቢሾፑን እንደ ፊል ተጠቀሙበት፣ ወታደሩም መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት አይሄድም።