ስለ ትንሿ መርዛማ እንቁራሪት የሚወራውና እውነታው

ኦኦፋጋ ፑሚሊዮ በኒካራጓ፣ በኮስታሪካና በፓናማ፣ በካሪቢያን ባሕር በኩል ባሉ ቆላማ ዝናባማ ደኖች የምትኖር እንቁራሪት ናት። የብዙዎቹ መልክ ደማቅ ቀይ በመሆኑ በእንጆሪ ስም ትጠራለች። ዝናዋ የገነነውን ያህል ስለ እርሷ የሚወራው ስሕተትም ብዙ ነው።

«መርዙን ራሷ ታመርታለች።» ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው። በቆዳዋ ዕጢዎች የሚጠራቀመው መርዝ የሚገኘው ከምግቧ ነው፦ ከረገፈ ቅጠል ሥር ከምትለቅማቸው ጉንዳኖችና፣ በተለይም የመዥገር ዘመድ ከሆኑ እጅግ ደቃቅ ፍጥረታት። በሰው እጅ ተወልዳ የፍራፍሬ ዝንብ እየተመገበች ያደገች እንቁራሪት ይህ መርዝ የላትም። ደኑ ሲመነጠርም ከመጠለያዋ ጋር የመርዟ ምንጭ አብሮ ይጠፋል፤ ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

«ሁሌም ቀይ ናት።» በኮስታሪካ ገላዋ ቀይ፣ እግሮቿ ሰማያዊ የሆኑት ይበዛሉ። በፓናማ የቦካስ ዴል ቶሮ ደሴቶች ግን ያው አንድ ዝርያ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊም ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ከደሴት ደሴት መልኳ እንዲህ መለወጡ እጅግ ያስደንቃል። ፎቶግራፍ ስለሚያጎላት ትልቅ ትመስላለች እንጂ ርዝመቷ ከ17 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ትቀመጣለች።

«የነካት ይሞታል።» ይህ ዝና የሌላ ነው። የኮሎምቢያ የኤምቤራ ሕዝብ በቱቦ እየነፉ ለሚወረውሯቸው ትናንሽ ቀስቶች መርዝ ይወስዱ የነበረው፣ በፓስፊክ በኩል ከምትኖረው ወርቃማ እንቁራሪትና ከጥቂት የቅርብ ዘመዶቿ ነው። ቢሆንም እንጆሪዋን አለመንካት ይሻላል፤ በእጃችን ላይ ያለ ቅባት ወይም የነፍሳት ማባረሪያ ለስስ ቆዳዋ ጠንቅ ነው።

«እንቁራሪት ስለሆነች በኩሬ ትራባለች።» እንቁላሏን የምትጥለው በየብስ፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ ነው። እንቁላሉ እንዳይደርቅ ወንዱ ያረጥበዋል። ሲፈለፈል እናቲቱ እጮቹን በጀርባዋ አዝላ ወደ ተክል ትወጣለች፤ ብሮሚሊያድ በሚባለው ተክል ቅጠሎች መጋጠሚያ ላይ ወደተጠራቀመ ጥቂት ውኃ እያንዳንዱን ለብቻው ታስገባለች። ከዚያ በኋላም አትተዋቸውም። በየጥቂት ቀኑ ስትመጣ እጩ ሰውነቱን ገትሮ ይንቀጠቀጣል፤ እርሷም ጽንስ የማይሆን እንቁላል ጥላ ታበላዋለች። በዚያ እንቁላል ውስጥ የራሷን መርዝ ጭምር ስለምታቀብለው፣ ገና ጭራ ያለው ልጇ አንድም ጉንዳን ሳይቀምስ መከላከያ ይኖረዋል።